ቃለ ጉባኤ

አራት ኪሎ፣ የማታ ክፍል፤ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር
ካቆምኩበት እያነሳሁ፣ የሩቅ ባሕር ታሪክ ባጭር
አስተምራለሁ። ጠመኔው አልቆ ጣቴ ሰሌዳ ይነካል፤
ግማሹ ከሥራ መጥቷል፣ ግማሹ ቁጭ ብሎ ይተኛል።

«እነዚህ ሰዎች» እላለሁ፣ «በንጉሣቸው ጸሎት ቤት
አንንበረከክም ያሉ፣ የሸሹ ናቸው በሌሊት።
መሬት ሳይረግጡ ገና፣ መርከቡ መልሕቅ እንደጣለ፣
አርባ አንድ ወንድ ፈረመ፣ ብዕር እየተቀባበለ፦
‹አንድ አካል ሆነን እንኑር፣
ባወጣነው ሕግ እንደር።›
ሴት አልፈረመችም።»
(እዚህ ላይ ሁሌ ሳል ይይዘኛል።)

«ካሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ሌሎች መጡ፣ በብዙ መርከብ፤
‹የተራራ ላይ ከተማ ነን፣ ዓለም ሁሉ የሚያየው ሕዝብ›
አሉ። ዳኛቸው ሰባኪ ሳይጠይቅ አይፈርድም፤
ማኅበረ ምእመናን ያልገባ፣ ሲመረጥ እጁን አያነሳም።
አንዲት ሴት ቤቷ ሴቶች ሰብስባ፣ የሰሙትን ስብከት ተረጎመች፤
ችሎት አቆሟት። ከርማ በእስር፣ ከነልጆቿ ወጣች።
አንድ ሰባኪም ነበረ፦ ‹ሃይማኖት በዱላ አይሆንም፣
የባለ አገሩን መሬት ንጉሥ በደብዳቤ አይሰጥም›
ያለ። እሱንም፣ በረዶ ላይ።»

ከኋላ ወንበር እጅ ወጣ። ኢክራም። ቀን ቀን ፒያሳ፣ ወርቅ ቤት
ሚዛን ይዛ የምትውል ናት፤ አትሰወራትም ቅንጣት።
«መምህር፣ አንድ አልገባኝም፤
ተሰደው የመጡ ሰዎች ማሳደድ አይከብዳቸውም?»

መልስ ነበረኝ። ሦስት ነጥብ፣ ለፈተና የተሰናዳ።
አፌ ግን ዝም አለ፤ ትዝ አለኝ የቤቴ ጓዳ፣
ሣጥን ውስጥ ያለው መዝገብ።

ሰፈሬ እሪ በከንቱ ነው፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ወዲህ፤
(ስሙን ያወጣ ሰው ማነው? ማን ጮሆ ነበር እንዲህ?)
ድንኳን አለን፣ ሰማንያ ወንበር፣ ሦስት ብረት ድስት፣ አንድ ቃሬዛ፣
አሥራ ሰባት አንቀጽ ሕግ፣ ከነማኅተሙ፤ እድራችን ሲበዛ
ሥርዓት ያለው ነው። ጸሐፊው እኔ ነኝ፤
የእጅ ጽሕፈትህ ያምራል ብለው መረጡኝ።

ወይዘሮ እታፈራሁ ሠላሳ ዓመት፣ አንድ ወር ሳታጓድል ከፍላለች፤
በየለቅሶው ሽንኩርት ልጣ፣ ድስት አጥባ፣ ሬሳ ገንዛ አድራለች።
በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ቤቷ ሴቶች መጡ፤
መጽሐፉን ራሳቸው አንብበው፣ ትርጉሙን ራሳቸው አወጡ።

ባሻ ልሳኑ፣ ሊቀ መንበሩ፣ በዱላቸው ወለሉን መቱ፦
«እምነቷን የለወጠች ሴት በኛ ድንኳን አትለቀስም። ብትሞትስ የቱ
መቃብር ይቀበላታል?»
ኃይለኛ ዝናብ ነበር ያን ዕለት፤ ቆርቆሮው ቃል አያሰማም፤
ማንም አልተቆጣ፣ ማንም እምቢ አላለም።
እጅ ወጣ።
የኔም ወጣ።
«በሙሉ ድምፅ» ብዬ ጻፍኩ፤ ፊደሉ አንድ አልተዛነፈ፤
አራት ነጥቡን አሳምሬ አኖርኩ፤ አጀንዳው አለፈ።

በማግስቱ ደጄ መጣች። አልተቀመጠችም።
«የከፈልኩትን» አለች፣ «መልሱ አልልም።
ስሜን ግን በቀይ እንዳትሰርዘው፤
ቀይ የሞተ ሰው ነው።»
በሰማያዊ ሰረዝኩት።

አምና ቁፋሮ መጣ፤ የሰፈሩ ግማሽ ባንድ ሳምንት ፈረሰ፤
ለባሻና ለእታፈራሁ ዕጣው ባንድ ፎቅ ደረሰ፣
ከከተማ ዳር፣ በር ለበር። የማን ድንኳን ለማን እንደሚተከል
እንጃ። ድንኳኑ እኔ ጋ ነው፤ አይጥ ጠርዙን ጀምሯል።

ከክፍል ስመለስ፣ ማታ፣ በቆርቆሮው አጥር ጥግ ጥግ እሄዳለሁ፤
ያ የተባረረው ሰባኪ፣ በአትክልቱና በዱሩ መሐል
አጥር ይኑር ያለውን አስባለሁ።
የቱ ነው ዱሩ? ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ ማዶ?
በቀዳዳው አያለሁ፦ አንድ ግድግዳ ቆሟል፣
ቀን መቁጠሪያ እንደተሰቀለ፣ ባለቤቱ ሄዶ።

«መምህር?» አለች ኢክራም።
መብራት ሄደ። በጨለማው ሠላሳ ስልክ ቦግ ብሎ በራ፤
ሁሉም ፊቴ ላይ ዞረ፣ በችሎት ስሜ እንደሚጠራ።
«አይከብዳቸውም» አልኳት። «እጅ ማውጣት ቀላል ነው።
በተለይ ዝናብ ሲዘንብ።»
አልገባትም። «ልጻፈው?» አለች።

እስክሪብቶዋ ሰማያዊ ነው።